ንፋስ በቆመበት ቀን ስለ ሐምራዊው ባንዲራ የተደረገ ስብሰባ

የሎማ ፔላዳ ሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር፣ ፑንታ አሬናስ
የሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ቁጥር 41

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2000 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)።

ቦታ፦ በማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ። (“ውስጥ” የሚለው ቃል በተራ ቁጥር 2 በሚገለጸው ምክንያት ተሰርዞ “ግቢ፣ ከደጅ” በሚል ተተክቷል።)

የተጀመረበት ሰዓት፦ ረፋድ 4፡40። በጥሪው ወረቀት ላይ 4፡00 ይል ነበር። አርባው ደቂቃ ንፋስ መቆሙን በማድነቅ አልፏል።

የአየሩ ሁኔታ፦ ደንቡ እንዲመዘገብ ባያዝም ጸሐፊዋ መዝግባዋለች። ጥርት ያለ ፀሐይ፣ ሰባት ዲግሪ፣ ንፋስ ፈጽሞ የለም። መንገድ ዳር ሰው በንፋስ እንዳይወሰድ ተይዞ የሚኬድበት ገመድ ዛሬ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ ድመት ከሥሩ ተኝታ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን በመዝገባችን ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈው የዛሬ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ነው።

የተገኙ አባላት፦

1. ዶን አንሴልሞ ቡሊች፣ ሊቀመንበር፤ በነገው የሰፈሩ በዓል ላይ የበግ ጥብስ ኃላፊ። ፀጉር የላቸውም፣ ባርኔጣም አላደረጉም።
2. መምህርት ድራጊካ ኩዝማኒች፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፤ የነገው የልጆች ሰልፍ አዘጋጅ።
3. ዶኛ ሱልማ ኦቫንዶ፣ የፀጉር ቤት ባለቤት።
4. ዶን ፕሮስፔሮ ካርካሞ፣ ጡረታ የወጡ በግ ሸላች።
5. ዶን ኒካኖር ኦያርሶ፣ ጡረታ የወጡ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ፤ የማኅበሩ ባንዲራ ኃላፊ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጓንትና እስከ አገጭ የተቆለፈ ካፖርት አድርገዋል።
6. ኤዱቪና ማንሲያ፣ ጡረታ የወጣች የቴሌግራም ሠራተኛ፤ የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ ሦስት። አንዱ ባሕር ላይ ናቸው። አንዷ ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ሆስፒታል ናቸው። ሦስተኛዋ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀው፣ ልብስ ሳይበርባቸው ማስጣት የሚችሉበት ቀን ዛሬ ብቻ መሆኑን በአጥር በኩል አስታውቀዋል። ኮሚቴው ምክንያቱን በቂ ሆኖ አግኝቶታል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኝ ስድስት፣ ልክ በልክ። አንድ ሰው ተነስቶ ቢሄድ ስብሰባው እንደሚፈርስ ጸሐፊዋ አስታወሰች። ሁሉም ዶን ኒካኖርን ተመለከቱ።

ተራ ቁጥር 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ዶን ፕሮስፔሮ ባለፈው ስብሰባ ላይ “ተቃውሞ አሰሙ” ተብሎ መጻፉን ተቃወሙ። “እኔ ተቃውሞ የሚባል ነገር አላሰማሁም። ‘ይሄ የእብድ ሥራ ነው’ ነው ያልኩት። ሰው ያለውን ትቶ ያላለውን መጻፍ ምን የሚሉት ጽሕፈት ነው?” አሉ። ጸሐፊዋ አሳጥሮ መጻፍ የቴሌግራም ቤት ልማዷ መሆኑን ገለጸች። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ አባል ከጠየቀ ንግግሩ ከአፉ እንደወጣ እንዲመዘገብ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወዲያው ሁሉም ጠየቁ። ከዚህ በታች ያለው ርዝመት የጸሐፊዋ ጥፋት አይደለም።

ተራ ቁጥር 2፦ የስብሰባው ቦታ

ሊቀመንበሩ ንፋስ በቆመበት ቀን አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ ኃጢአት መሆኑን ጠቅሰው ጠረጴዛው ወደ ግቢው እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ጠረጴዛው ሐሳቡ ከመቅረቡ በፊት ወጥቶ ነበር።

ዶን ኒካኖር የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ማኅበሩ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየጠዋቱ ባንዲራ እንደሚሰቅል፣ ቀለሙን የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ በስልክ የሚነግራቸው የፀሐይ ጨረር ቁጥር መሆኑን አስታወሱ። አረንጓዴ ደህና ነው፤ ከዚያ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ የመጨረሻው ሐምራዊ። ሐምራዊ ሲሰቀል ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጅ ደጅ እንዳይውል የሚለው ደንብ በዚሁ ኮሚቴ የጸደቀ ነው። “ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነበር። ሐምራዊ ነው። የኦዞኑ ሽንቁር ተለጥጦ ጠርዙ እኛ አናት ላይ ደርሷል። ነገም አይሄድም ብለውኛል። እባካችሁ ወደ ውስጥ እንግባ” አሉ።

ዶኛ ሱልማ የባንዲራ ኃላፊውን ከእግር እስከ ራስ ካዩ በኋላ፣ “ዶን ኒካኖር፣ ማር ሊቆርጡ ነው ወይስ ሊሰበሰቡ?” ሲሉ ጠየቁ።

ዶን ፕሮስፔሮ ደግሞ፣ “ሰባት ዲግሪ ነው እኮ፣ ኒካኖር። ሰባት። በብርድ የተቃጠለ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ? እኔ አርባ ዓመት ሜዳ ላይ በግ ስሸልት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፀሐይን ከአንተ ስልክ ልማር?” አሉ።

ብርድ ባለበት ፀሐይ እንደማያቃጥል በአራት ድምፅ ተወሰነ። ዶን ኒካኖር ተቃወሙ። ጸሐፊዋ እጇ በመጻፍ ላይ ስለነበር ድምፅ አልሰጠችም።

ዶን ኒካኖር እንግዲያው ብቻዬን እገባለሁ ብለው ተነሱ። ምልዓተ ጉባኤው ሊፈርስ ሆነ። ክርክሩ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻም ወንበራቸው በአዳራሹ ደጃፍ ላይ እንዲሆን፣ አካላቸው በጥላው ውስጥ ቢሆንም ሁለት እግሮቻቸው ከበሩ ወዲህ እስካሉ ድረስ እንደተገኙ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እግሮቻቸው በስብሰባው እስከ መጨረሻው ተገኝተዋል።

ሰዓቱ 5፡25 ነበር። ማቴ የሚባለው የቅጠል ሻይ በቅሉ ተቀድቶ መዞር ጀመረ። የሊቀመንበሩ ራስ በዚህ ሰዓት ነጭ ነበር።

ተራ ቁጥር 3፦ የኦዞን ሽፋን ከዚህ በፊት እንዴት እንደነበረና ምን እንደደረሰበት የቀረበ ሪፖርት

ሪፖርቱን ያቀረቡት ዶን ኒካኖር ናቸው። ማስታወሻቸው በማቀዝቀዣ ካርቶን ጀርባ ላይ የተጻፈ ነበር። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው።

ሽፋኑ ከምድር ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ጋዝ ነው። ከሰማይ አውርደው ቢጫኑት ውፍረቱ የተደራረቡ ሁለት የብረት ሳንቲሞችን ቢያህል ነው፤ የሚያቃጥለውን ጨረር የሚይዝልን ይሄው ነው። የአያቶቻችን ማቀዝቀዣ በአሞኒያ ይሠራ ነበር፤ ሲያፈስ ሰው ይገድላል። በሠላሳዎቹ ዓመታት አዲስ ጋዝ መጣ። አይሸትም፣ አይነድም፣ አይመርዝም። ዓለም ሁሉ ተደሰተ። በማቀዝቀዣውም፣ በሚረጨው ጣሳም ሁሉ ገባ። በ1974 ሁለት ኬሚስቶች ጋዙ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ሽፋኑን እንደሚበላ ጻፉ፤ የሰማቸው ጥቂት ነው። በ1985 ከእኛ በስተደቡብ በበረዶው ላይ ያሉ ተመራማሪዎች በየጸደዩ ሽፋኑ ግማሽ እየሆነ መምጣቱን አስታወቁ። የዋልታው ረጅም ጨለማ አልፎ ፀሐይ ስትመለስ፣ በብርዱ ደመና ላይ ተኝቶ የከረመው የጋዙ ክፋት ይነቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሮች ጋዙን ለማቆም ተፈራረሙ። በአመዛኙም አቆሙ።

“ካቆሙማ ምን ቀረ?” ሲሉ ሊቀመንበሩ ጠየቁ።

“የወጣው ቀረ” አሉ ዶን ኒካኖር። “ሃምሳ ዓመት፣ መቶ ዓመት እዚያው ይቆያል። በሰባ አንድ የወጣው ጋዝ ዛሬም እላይ ሥራ ላይ ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱ አልወጣም።”

መምህርት ድራጊካ መቼ እንደሚድን ጠየቁ። ሁሉ ነገር ደህና ከሄደ ወደ 2065 ገደማ ተብሎ እንደሚገመት ተገለጸ። ዶን ፕሮስፔሮ ማቴውን ይዘው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ ሊቀመንበሩ ቅሉ ማይክሮፎን አለመሆኑን፣ ጠጥተው እንዲያሳልፉ አሳሰቡ። ዶን ፕሮስፔሮ ጠጡ፣ አሳለፉ፣ ቀጠሉም። “ይሄ ሁሉ የጋዜጣ ወሬ ነው። ሰማይ ይቀደዳል እንዴ? ጃኬት ነው?”

ዶኛ ሱልማ፣ “በዘጠና ሁለት ከውጭ ለመጣው ጋዜጠኛ በጎቼ በሽንቁሩ ምክንያት ታወሩ ብለኸው የለም እንዴ? ፎቶህ ወጥቶ ነበር፣ ዓይኗ የጠፋ በግ አቅፈህ” አሉ።

“እሷ በግ ስትወለድም አታይም ነበር። ሰውየው ግን ውስኪ ጋብዞኛል፤ ባዶ እጁን ልመልሰው?”

ከረጅም ውይይት በኋላ ሪፖርቱ በምስጋና ተቀባይነት አግኝቶ፣ ጉዳዩ በ2065 በሚደረግ ስብሰባ እንደገና እንዲታይ፣ በዚያን ጊዜ በሕይወት የሚገኙ የኮሚቴ አባላትም በደብዳቤ እንዲጠሩ ተወሰነ። ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ አልተወሰነም። የሊቀመንበሩ ራስ፦ ቢጫ።

ተራ ቁጥር 4፦ ጥፋተኛው ማን ነው?

ይህ ተራ ቁጥር በአጀንዳው አልነበረም። ዶን ፕሮስፔሮ ዶኛ ሱልማን “አንቺ ነሽ የቀደድሽው” በማለታቸው ተጨምሯል።

ዶን ፕሮስፔሮ እንዳብራሩት፣ በሰባዎቹ ዓመታት ከዶኛ ሱልማ ፀጉር ቤት የሚወጡ ሙሽሮች ፀጉራቸው ላይ ድንጋይ ቢወረወር ይነጥር ነበር። ዶኛ ሱልማ በጣሳ የሚረጨውን ማድረቂያ ለአንዲት ሙሽራ ሁለት ጣሳ ይጨርሱ እንደነበር አልካዱም። “ሌላ አገር አንድ ጣሳ ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስክትደርስ ንፋሱ ምን እንደሚያደርጋት ታውቃለህ። የአንተን ሚስት ፀጉር ማን ነው ያቆመው? ሁለት ጣሳ ተኩል እሷ ላይ ብቻ ነው የፈሰሰው። ለሠርግህ ፎቶ አመስግነኸኝ ነበር” አሉ። ዶን ፕሮስፔሮ ማቴውን አሳለፉላቸው።

መምህርት ድራጊካ የዓለምን ጣሳ ሁሉ ያመረተውና የረጨው በአብዛኛው ሰሜኑ የዓለም ክፍል መሆኑን፣ በሎማ ፔላዳ በ1970 የነበሩት ማቀዝቀዣዎች ሦስት ብቻ እንደሆኑ፣ ከሦስቱም አንዱ ልብስ ማስቀመጫ እንደነበር አስረዱ። ዶን ፕሮስፔሮ በዚህ ተጽናንተው፣ “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። እነሱ ሽቶ ይርጩ፣ የእኛ አናት ይቀደድ” አሉ።

ሊቀመንበሩ ለሰሜኑ የተቃውሞ ደብዳቤ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊዋ አድራሻ ጠየቀች። አልተገኘም። ከዚያም ሽንቁሩ ያለበት ሰማይ በማን አስተዳደር ሥር ነው የሚል ክርክር ተነሳ። የእኛ ክልል በወረቀት ላይ እስከ ደቡብ ዋልታ እንደሚደርስ፣ ስለዚህ ሽንቁሩ ከእኛው ክልል ተነስቶ ወደ እኛው ክልል የመጣ እንደሆነ፣ አቤቱታውም ለራሳችን መቅረብ እንዳለበት መምህርት ድራጊካ ካርታ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ አሳዩ። ጉዳዩ አሳሳቢ ሆነ። ሊቀመንበሩ ግን ሽንቁር የጎደለ ነገር እንጂ ያለ ነገር ስላልሆነ በማንም አስተዳደር ሥር ሊወድቅ አይችልም በማለት ገላገሉን።

ጥፋቱ የሰሜኑ እንደሆነ፣ በዚህ ሰፈር ጥፋተኛ የሚባል ሰው እንደሌለ በአራት ድምፅ ተወሰነ። ዶን ኒካኖር እጃቸውን አላወጡም። ተቃውሞ ነው ወይስ ድምፀ ተዓቅቦ ተብለው ሲጠየቁ፣ “ገና አላወቅሁም” አሉ። ጸሐፊዋ እጇ በመጻፍ ላይ ነበር። ራስ፦ ብርቱካናማ። መምህርት ድራጊካ ቆዳቸው እንደተወጠረ ተናግረው ጤናማ የጸደይ አየር መሆኑን አከሉበት።

ተራ ቁጥር 5፦ ነገ የሚሰቀለው ባንዲራ

ዋናው ነገር ይኸው ነው። በዓሉ ነገ እሑድ ከአምስት ሰዓት ይጀምራል። ስድሳ አራት ልጆች ለሦስት ወር የተለማመዱትን ሰልፍ ያሳያሉ፣ ንግግር ይሰማሉ፣ በጉ እስኪበስልም አደባባዩ ላይ ይቆያሉ። በጎቹ ታርደዋል። ባንዲራው ሐምራዊ ከሆነ በደንቡ መሠረት ልጆቹ ከቤት አይወጡም።

ሊቀመንበሩ፣ ላቦራቶሪው ሐምራዊ ስላለና የሕዝቡ ፍላጎት አረንጓዴ ስለሆነ በመሐል ተስማምተን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ እንስቀል አሉ። “ዴሞክራሲ ማለት መቀራረብ ነው። ላቦራቶሪውም ትንሽ ይቀንስ፣ እኛም ትንሽ እንጨምር።” ዶን ኒካኖር ላቦራቶሪው ቁጥር እንጂ ዋጋ እንዳልነገራቸው መለሱ።

መምህርት ድራጊካ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እኔ ልጆቹን እንዴት አድርጌ ነው ቅሩ የምላቸው? በክረምቱ ንፋስ፣ በዝናቡ አልቀሩም። አሁን እግዜር ፀሐይ ሰጥቶን፣ ፀሐይ ስለወጣ ግቡ ልበላቸው?” አሉ። ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ ልቧ እንደተነካ አትደብቅም። እዚህ አገር ተወልዶ ለፀሐይ በርን መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ጊዜ ዶን ፕሮስፔሮ ሁሉንም የሚያስታርቅ ሐሳብ አገኙ። “ሐምራዊውን እንስቀለው” አሉ። ሁሉም ተገረሙ። “አዎ፣ እንስቀለው። ነገም ንፋስ የለም። ቀና በሉና እዩት እስቲ፣ የዛሬው ባንዲራ ምን ቀለም ነው?” ኮሚቴው ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። ባንዲራው ምሰሶው ላይ ተጠቅልሎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወርዷል። ቀለሙ አይታወቅም። “ደንቡ ተሰቀለ ነው የሚለው፤ ታየ አይልም። ሳይንሱም ተከበረ፣ በጉም ተበላ።”

ሐሳቡ በአራት ድምፅ ጸደቀ። ሊቀመንበሩ አጨበጨቡ፤ ሲያጨበጭቡ የእጃቸው ጀርባ እንዳመማቸው ገለጹ። ጸሐፊዋ እጇ በመጻፍ ላይ ነበር። ሰዓቱ 7፡20፤ ራስ፦ ቀይ።

ዶን ኒካኖር ተነሱ። እግሮቻቸው ከደጃፉ ወዲህ መሆናቸውን አረጋገጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቃላቸው ከአፋቸው እንደወጣ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ እንዲህ ተጽፏል፦

“እንዳይታይ ተብሎ የሚሰቀል ባንዲራ እኔ አልሰቅልም። መደበቅን አውቀዋለሁ። ስለ ሰሜን አላውቅም፣ ስለ ራሴ ግን አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማቀዝቀዣ ጠግኛለሁ። አዲስ ጋዝ ለመሙላት አሮጌውን ማውጣት አለብህ። የት ታወጣዋለህ? በመስኮት። ፊሽ ይልና ያልቃል። በዓመት አንዴ ደግሞ የሥጋው ቀዝቃዛ መጋዘን ሲጸዳ ትልቁን መክፈቻ እንከፍት ነበር። ግቢው ነጭ ጉም ይሆናል። ልጄ ኔሪዳ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ምሳ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ጉሙ ውስጥ ገብታ ታጨበጭባለች። ‘ልጨምርልሽ?’ እላታለሁ። እሷን ለማሳቅ ብዬ ጨምሬ አውቃለሁ።”

“ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ ዶን ኒካኖር” አሉ ዶኛ ሱልማ።

“ያኔ አላወቅሁም። በሰማንያ አምስት በሬዲዮ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ በመስኮት ሳወጣው ነበር። መስኮቱን ብቻ ነው የቀየርኩት። በመንገዱ በኩል የነበረውን ትቼ በጓሮው አደረግሁት። ባለፈው ክረምት ከኔሪዳ አፍንጫ ላይ አንድ ነገር ቆርጠው አወጡላት። ሐኪሙ ከምን እንደመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁት። ነገ ዓርማውን ይዛ ከፊት የምትቆመው የእሷ ልጅ ነች። ይሄው ነው።”

ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

ማቴው በዶኛ ሱልማ እጅ ቀዘቀዘ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የዶን ኒካኖር ንግግር ልብ የሚነካ ቢሆንም በተራ ቁጥር 4 “በዚህ ሰፈር ጥፋተኛ የለም” ተብሎ ከተወሰነው ጋር እንደሚጋጭ፣ አንድ አባል ብቻውን ኮሚቴው ያላጸደቀውን ጥፋት መሸከም እንደማይችል አመለከቱ። ዶን ፕሮስፔሮ ለወዳጃቸው አዝነው፣ “ተወው ኒካኖር፣ ነገ አንድ ሰው መዝገብ ገልጦ ስምህን ቢያይስ? ይሰረዝልህ” አሉ። መምህርት ድራጊካም ለልጅ ልጃቸው ሲባል ይሰረዝ አሉ። ዶኛ ሱልማ ግን፣ “ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእኔም ሁለት ሁለት ጣሳ አብሮ ይጻፍ እንጂ ምን ይሰረዛል?” ብለው ተቃወሙ። ዶን ኒካኖርም ተቃወሙ።

የዶን ኒካኖር ኦያርሶ ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ በሦስት ድምፅ ለሁለት ተወሰነ። ጸሐፊዋ እጇ በመጻፍ ላይ ስለነበር ድምፅ አልሰጠችም። ይህን በተመለከተ የሚሰማት ነገር አለ፤ ግን የቃለ ጉባኤ ጉዳይ አይደለም።

ተራ ቁጥር 6፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ስብሰባው የተሳካ እንደነበር ተናግረው ላብ ለመጥረግ መሐረባቸውን ራሳቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያም ጸሐፊዋ የማትጽፈውን ቃል ተናገሩ። እንዲጻፍ አልጠየቁም።

ዶኛ ሱልማ ከቦርሳቸው የፀጉር ቤት መስታወት አውጥተው አሳዩዋቸው። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። “ሰባት ዲግሪ ነው ብላችሁኝ ነበር” አሉ። መስታወቱ ዞረ። የመምህርት ድራጊካ ግንባርና አፍንጫ፣ መነጽራቸው ካረፈበት ስፍራ በስተቀር፣ ለሰልፍ የሚበቃ ቀይ ነበር። ዶን ፕሮስፔሮ ከንፈራቸው ስለተሰነጠቀ ብዙ አልተናገሩም፤ ይህም በማኅበሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። በደጃፉ ጥላ ውስጥ የነበሩት ዶን ኒካኖር ብቻ እንደ መጡ ነበሩ።

መምህርት ድራጊካ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። “ስንት ሰዓት ተቀመጥን?” አሉ።

ጸሐፊዋ ከመዝገቡ አይታ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መሆኑን አስታወቀች።

“እኔ ልጆቹን ነገ ለአራት ሰዓት ያህል ነው የማቆማቸው” አሉ። ቀጥለውም፣ “በባዶ ራሳቸው። ባርኔጣ ሰልፉን ያበላሻል ብዬ ራሴ ነኝ የከለከልኳቸው” አሉ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም።

ዶኛ ሱልማ፣ “ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፤ እኛ እንኳ ተቃጥለናል፣ ለልጆቹ ግን ገና ነው” በማለት የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦

በዛሬው ዕለት በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ብርድ ባለበት ፀሐይ አያቃጥልም የሚለው፣ የ2065ቱ ቀጠሮ፣ በሰፈሩ ጥፋተኛ የለም የሚለው፣ ሐምራዊው እንዳይታይ ሆኖ ይሰቀል የሚለውና ሌላውም ያለ ልዩነት፣ ከመጀመሪያው እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በቦታው የቀድሞው ደንብ ይጽና። ላቦራቶሪው ያለው ቀለም ይሰቀል፤ ሐምራዊ ከሆነ ልጆቹ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ሰልፉም ጥብሱም ይቆያቸው።

ሊቀመንበሩ በጉ ይደርቃል አሉ። እንደገና መሐረባቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉና፣ “ይድረቅ” አሉ። ዶን ፕሮስፔሮ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ እጃቸውን አወጡ። መምህርት ድራጊካ ሁለት እጃቸውን አወጡ፤ እንደ አንድ ተቆጠረ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የእጇ ጀርባ ስለተለበለበ ነው ብላ ልትጽፍ አስባ ነበር፤ እውነቱ ግን ድምፅ ለመስጠት ነው። የውሳኔ ሐሳቡ በስድስት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

ንፋስ ከሌለ ባንዲራው አሁንም አይታይም ሲሉ ሊቀመንበሩ አሳሰቡ። ዶን ኒካኖር፣ “አልሰቅለውም፤ ከአደባባዩ መግቢያ ቆሜ ዘርግቼ እይዘዋለሁ” አሉ። ሰፊ ጨርቅ ስለሆነ አንድ ሰው እንደማይበቃው ተጠቅሶ፣ ሌላውን ጫፍ ማን ይይዛል ተባለ። ዶን ፕሮስፔሮ ባርኔጣ እንዲያውሷቸው ዶን ኒካኖርን ጠየቁ። ውሳኔ አልተሰጠበትም፤ የከለከለም የለም።

ስብሰባው ከቀኑ 8፡15 አዳራሽ ውስጥ ተዘጋ። ጠረጴዛው ደጅ ስለቀረ አባላት የፈረሙት በቆሙበት ነው፤ ሊቀመንበሩ ለቃጠሎው ራሳቸው ላይ እርጎ በቀቡበት እጅ ወረቀቱን ነክተውታል፤ ነጩ ጠብታ ከዚያ የመጣ ነው።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ ከተሻሩት ውሳኔዎች አንዱ በተራ ቁጥር 5 “የዶን ኒካኖር ኦያርሶ ቃል ይሰረዝ” የተባለው ነው። ስለዚህ አልተሰረዘም። ዶን ኒካኖር ይህ ሲነገራቸው ካፖርታቸውን ፈትተው ተቀመጡ፤ የዶኛ ሱልማ ሁለት ሁለት ጣሳም ከጎኑ እንዲቆይ ለመኑ። ደንባችን ቃለ ጉባኤ ለአሥር ዓመት ይቀመጥ ይላል። ዶን ኒካኖር ግን ጋዙ እላይ እስካለ ድረስ የእኔም ቃል እዚህ ይቆይልኝ ብለዋል። ጸሐፊዋ ኮሚቴውን ሳታማክር ፈቅዳለች።